ቪኤም ውስጥ ስክሪኑ አልሰፋ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ

ቪኤሙን (ቨርቹዋል ማሽኑን፣ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሮጠውን ሌላ ኮምፒውተር) ኢንስቶል አድርጋችሁ ጨረሳችሁ፣ ዴስክቶፑ ተከፈተ፣ ግን በዛ ሁሉ ሞኒተር መሀል ትንሽዬ ሳጥን ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ዙሪያው ጥቁር ነው፣ መስኮቱን በማውስ ስትለጥጡት ጥቁሩ ይሰፋል እንጂ ዴስክቶፑ ንቅንቅ አይልም። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ስትገቡ ያለው ምርጫ 800 በ600 እና 1024 በ768 ነው፣ አንዳንዴ እሱም ደብዝዞ አይነካም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ ኮፒ እያደረገ ተርሚናል ላይ መለጠፍ ነው፣ አንዱ አልሰራ ሲለው ሌላ፣ እሱም እምቢ ሲል ሌላ፣ ከዛ የቱ ምን እንደነካ ሳይታወቅ ደህና የነበረውም ይበላሻል። እኔም አንድ ሙሉ ምሽት እንደዛ አሳልፌ አውቃለሁ፣ ወደታች እነግራችኋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሪዞሉሽኑ ራሱ አይደለም፣ ቪኤሙ ውስጥ ያለው ሲስተም የመስኮታችሁን መጠን የሚነግረው አጥቶ ነው፣ ስለዚህ ቁጥር ከመቀየራችሁ በፊት ማን ዝም እንዳለ ፈልጉ።

ሆስት ስል ዋናውን ኮምፒውተራችሁን ነው፣ ጌስት ስል ደግሞ ቪኤሙ ውስጥ ያለውን ሲስተም። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ፣ የፓኬጅ ስም ከአንድ ቃል በላይ ከሆነ ቃላቱ በሰረዝ ይያያዛሉ።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሰራው

እውነተኛ ሞኒተር ኬብሉ ሲሰካ ኢዲአይዲ የሚባል ትንሽ መረጃ ለግራፊክስ ካርዱ ይልካል፣ እኔ ይሄን ይሄን መጠን እችላለሁ ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ያንን አይቶ ነው ልኩን የሚመርጠው። ቪኤም ውስጥ ግን ሞኒተር የሚባል ነገር የለም። ያለው ሆስቱ ላይ የተከፈተ አንድ መስኮት ነው፣ እሱን ደግሞ እናንተ በየደቂቃው ትለጥጡታላችሁ፣ ታሳንሱታላችሁ፣ ፉል ስክሪን ታደርጉታላችሁ። ይሄንን ለጌስቱ ለማድረስ ጌስቱ ውስጥ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ቪኤሙ የሚያስመስለውን ግራፊክስ ካርድ የሚያውቅ ድራይቨር ነው። ሁለተኛው ከጀርባ ሆኖ መስኮቱ አሁን ይሄን ያህል ሆኗል የሚለውን መልዕክት ተቀብሎ ዴስክቶፑን የሚያስተካክል ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ አንዳንዶቹ ኤጀንት ይሉታል፣ አንዳንዶቹ ሰርቪስ።

ድራይቨሩ ከሌለ ጌስቱ ለማንኛውም ካርድ በሚሰራ ድፍን ድራይቨር ይነሳል፣ ያ ድራይቨር ደግሞ የሚያቀርበው የተወሰኑ የቆዩ መጠኖችን ብቻ ነው። ድራይቨሩ ኖሮ ኤጀንቱ ከሌለ ግን ሌላ መልክ አለው፣ ከሴቲንግ ውስጥ 1920 በ1080 መምረጥ ትችላላችሁ፣ ይሰራል፣ ግን መስኮቱን ስትለጥጡ አብሮ አይሄድም። ይሄን ልዩነት ብቻ ማወቅ ግማሹን ስራ ይጨርስላችኋል፣ ምክንያቱም ምርጫው ራሱ ከሌለ ድራይቨር ትፈልጋላችሁ፣ ምርጫው ኖሮ አልከተል ካለ ኤጀንት ትፈልጋላችሁ።

ሌሎች ሁለት ከዚህ ጋር የሚምታቱ ነገሮች አሉ። ዴስክቶፑ መስኮቱን ሞልቶት ፊደሉ ግን የደበዘዘ፣ የተለጠጠ ፎቶ የመሰለ ከሆነ፣ ያ ሪዞሉሽን አይደለም፣ ስኬሊንግ ነው፣ ሆስቱ ትንሹን ምስል እየወሰደ እያሳደገላችሁ ነው። ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ግን ለማንበብ እስኪያስቸግር ካነሰ ደግሞ ሪዞሉሽኑ ልክ ነው፣ ሞኒተራችሁ ፒክስሉ ብዙ ስለሆነ ነው፣ እሱን ብቻውን ወደ መጨረሻ አየዋለሁ።

መጀመሪያ ምን ድራይቨር ላይ እንዳለ እዩ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስናፕሾት (ቪኤሙ አሁን ያለበትን ሁኔታ ለመመለሻ የሚይዝ ቅጂ) ውሰዱ። እውነቴን ነው፣ የግራፊክስ ነገር ሲበላሽ ዴስክቶፑ ጭራሽ አይነሳም፣ ያኔ ስናፕሾት ያለው ሰው በአንድ ክሊክ ይመለሳል፣ የሌለው ጥቁር ስክሪን ላይ ያፈጣል።

ጌስቱ ዊንዶውስ ከሆነ ስታርት የሚለውን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲቫይስ ማናጀር ግቡ፣ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ካለ አለቀ፣ ድራይቨር የለም ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። መሆን ያለበት እንደምትጠቀሙት ሶፍትዌር ነው፣ ቪኤምዌር ላይ ቪኤምዌር ኤስቪጂኤ 3ዲ፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ግራፊክስ አዳፕተር፣ ሃይፐር ቪ ላይ ማይክሮሶፍት ሃይፐር ቪ ቪዲዮ።

ሊኑክስ ከሆነ ተርሚናል ከፍታችሁ ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ ብላችሁ ጻፉ፣ ከሚወጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ቪጂኤ የሚል መስመር ፈልጉ፣ ከሱ ስር ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ የሚል ካለ ጥሩ፣ ካርዱን የያዘው ድራይቨር ስሙ እዛው ተጽፏል። ያ መስመር ጭራሽ ከሌለ ካርዱን የያዘው የለም። አንድ ነገር ደግሞ አብራችሁ እዩ፣ ኤኮ ብላችሁ ስፔስ፣ የዶላር ምልክት፣ ከዛ ኤክስዲጂ ሴሽን ታይፕ የሚለውን በትልልቅ ፊደልና በታች ሰረዝ አያይዛችሁ ስትጽፉ ዌይላንድ ወይም ኤክስ11 ብሎ ይመልስላችኋል፣ ሁለቱም ሊኑክስ ላይ መስኮቶቹን ስክሪን ላይ የሚያወጡ ሲስተሞች ናቸው። ይሄን ወረቀት ላይ ያዙት፣ በኋላ ትዕዛዝ በእጅ ስንሰጥ ወሳኝ ነው።

ቨርቹዋልቦክስ

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለዚህኛው ስለሆነ እዚህ ጋ ረዘም አደርገዋለሁ።

ቨርቹዋልቦክስ ላይ ድራይቨሩም ኤጀንቱም አንድ ላይ የሚመጡት ጌስት አዲሽንስ በሚባል ጥቅል ነው። ቪኤሙ ተነስቶ እያለ ከላይ ዲቫይስስ ከሚለው ሜኑ ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ ሲዲ ኢሜጅ የሚለውን ስትነኩ ጌስቱ ውስጥ ሲዲ እንደገባ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው ያንን ሜኑ መንካቱን እንደ ኢንስቶል ስለሚቆጥረው ነው፣ ሲዲው ገባ እንጂ ገና ምንም አልተጫነም። ዊንዶውስ ላይ ሲዲውን ከፍታችሁ ሴትአፑን ሮጡት፣ ኔክስት ኔክስት ብላችሁ ሪስታርት ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ጥቅሉ ሞጁሎቹን (ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት ውስጥ የሚገቡትን ድራይቨሮች) እዛው ላይ ነው ኮምፓይል የሚያደርጋቸው፣ ስለዚህ ቀድሞ ጂሲሲ፣ ሜክ፣ እና የከርነል ሄደርስ (ለዛ ከርነል ሞጁል ለመስራት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) መኖር አለባቸው፣ ኡቡንቱና ደቢያን ላይ ቢልድ ኢሴንሻል የሚባለው ፓኬጅ፣ ዲኬኤምኤስ፣ እና አሁን ከሚሮጠው ከርነል ጋር ልክ የሆነው ሊኑክስ ሄደርስ ናቸው። ልክ የሆነው ያልኩትን አስምሩበት፣ ዩኔም ሰረዝ አር ስትሉ የሚወጣው ቁጥርና የሄደርሱ ቁጥር አንድ ካልሆነ አይሰራም። ከዛ ሲዲው ውስጥ ያለውን ቪቦክስ ሊኑክስ አዲሽንስ የሚለውን የዶት ረን ፋይል በሱዶ (በአድሚን መብት ማዘዣው) ትሮጡታላችሁ፣ ሪስታርት።

አሁን የኔን ምሽት ልንገራችሁ። ለወራት ጥርት ብሎ ይሰራ የነበረ የሊኑክስ ቪኤም ነበረኝ፣ አንድ ቀን ሲስተሙን ኧፕዴት አድርጌ ሳስነሳው ስክሪኑ 800 በ600 ሆኖ መጣ። እኔ ወዲያው ቁጥሩን ለመቀየር ነው የሄድኩት፣ መጠን በትዕዛዝ ጨመርኩ፣ አልተቀበለም፣ የኤክስ ኦርግ (የኤክስ11ን ስራ የሚሰራው ፕሮግራም) ኮንፊግ ፋይል በእጄ ጻፍኩ፣ ከዛ በኋላ ጭራሽ የሎጊን ገጹም ጠፋ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ይላል። የጻፍኩትን ፋይል ለማጥፋት ራሱ ሌላ አንድ ሰዓት ወሰደብኝ። መጨረሻ ላይ ቫር ሎግ ውስጥ ቪቦክስአድ ሰረዝ ሴትአፕ የሚል ሎግ ፋይል ከፍቼ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ለአዲሱ ከርነል ሄደርስ የለም ይላል። ኧፕዴቱ ከርነሉን ቀይሮታል፣ ሞጁሎቹ ግን ለአሮጌው ነበር የተሰሩት። ሄደርሱን ጫንኩ፣ አርሲቪቦክስአድ ሴትአፕ ብዬ ድጋሚ እንዲሰራ አዘዝኩት፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ስክሪኑ ተመለሰ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ስለዚህ ትናንት ይሰራ የነበረ ዛሬ ከኧፕዴት በኋላ ካነሰባችሁ እባካችሁ ምንም ኮንፊግ ሳትነኩ መጀመሪያ ያንን ሎግ እዩ፣ ሴክዩር ቡት (ፊርማ የሌለው ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለው) የበራበት ጌስት ከሆነም ሞጁሉ ተሰርቶ እያለ ፊርማ ስለሌለው ከርነሉ አላስገባም ሊል ይችላል።

ጌስት አዲሽንስ ልክ ሆኖ አሁንም ካልሰፋ ቪኤሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ሴቭ ስቴት አይደለም፣ ሹት ዳውን፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ሴቲንግ ቪኤሙ በርቶም ሆነ ሴቭ ሆኖ አይቀየርም። ሴቲንግስ፣ ዲስፕሌይ ግቡ። ግራፊክስ ኮንትሮለር የሚል አለ፣ ለሊኑክስ ጌስት ቪኤምኤስቪጂኤ፣ ለዊንዶውስ 7 እና ከዛ በኋላ ላሉት ቪቦክስኤስቪጂኤ መሆን አለበት፣ ቪቦክስቪጂኤ የሚለው ለድሮ ሲስተሞች ነው። አሮጌ ቪኤም ከሌላ ኮምፒውተር አምጥታችሁ ከሆነ እዚህ ጋ የተሳሳተ ነገር ማግኘታችሁ አይቀርም። ከታች ቀይ ወይም ቢጫ ማስጠንቀቂያ እያሳየ ከሆነ አንብቡት፣ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ይሄንን ነው።

እዛው ቪዲዮ ሜሞሪ የሚል መንሸራተቻ አለ። ይሄን ሰው ዝም ብሎ እስከ 128 ይገፋዋል፣ ጉዳት የለውም፣ ግን ለምን እንደሆነ ብታውቁ ጥሩ ነው፣ ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል። 1920 ሲባዛ በ1080 ሲባዛ በ4፣ 8,294,400 ባይት፣ ወደ 8 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 16 ሜጋባይት ለአንድ ፉል ኤችዲ ስክሪን በቂ ነው። 4ኬ ከሆነ ግን 3840 በ2160 በ4፣ 33,177,600 ባይት፣ ወደ 32 ሜጋባይት ይጠጋል፣ 16 ላይ አይገባም ማለት ነው፣ ሁለት ሞኒተር ካላችሁ ደግሞ እጥፍ ነው። ትልቁን መጠን ዝርዝሩ ውስጥ ካጣችሁት ይሄ አንዱ ምክንያት ነው።

ከዛ ቪው ከሚለው ሜኑ ኦቶ ሪሳይዝ ጌስት ዲስፕሌይ ምልክት እንዳለው እዩ። ደብዝዞ አልነካ ካለ ኤጀንቱ አልተነሳም ማለት ነው፣ ይሄ ራሱ መመርመሪያ ነው፣ ጌስት አዲሽንስ ሰርቷል አልሰራም የሚለውን ያለ ተርሚናል ይነግራችኋል። ስኬልድ ሞድ ውስጥ ከገባችሁም ሪሳይዙ አይሰራም፣ ሆስት ኪይ እና ሲ ስትነኩ ሳታውቁት ትገባላችሁ፣ ሜኑውም ይጠፋል፣ ያንኑ ድጋሚ ንኩ ትወጣላችሁ። ሆስት ኪይ ካልቀየራችሁት ዊንዶውስና ሊኑክስ ሆስት ላይ የቀኙ ኮንትሮል ነው፣ ማክ ላይ የግራው ኮማንድ። ፉል ስክሪን ሆስት ኪይ እና ኤፍ፣ መውጫውም እሱው ነው፣ ፉል ስክሪን ሆናችሁ ሜኑ ከፈለጋችሁ ሆስት ኪይ እና ሆም።

ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ የሞኒተራችሁ መጠን ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ሆስቱ ላይ ቪቦክስማኔጅ በሚባለው መጠን ለጌስቱ መጠቆም ይቻላል፣ ቪቦክስማኔጅ ኮንትሮልቪኤም፣ ቀጥሎ የቪኤሙ ስም በጥቅስ ውስጥ፣ ሴትቪዲዮሞድሂንት፣ 1920 1080 32። ይሄ የሚሰራው ቪኤሙ በርቶ ጌስት አዲሽንስ ውስጡ እየሮጠ ሲሆን ነው፣ ሂንት ማለት ጥቆማ ነውና የሚቀበለው ከሌለ ጥቆማው ባዶ ላይ ይቀራል።

ቪኤምዌር

እዚህ ነገሩ ቀለል ይላል። ዊንዶውስ ጌስት ላይ ቪኤም ከሚለው ሜኑ ኢንስቶል ቪኤምዌር ቱልስ፣ ሴትአፕ፣ ሪስታርት፣ አለቀ። ሊኑክስ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኦፕን ቪኤም ቱልስ የሚባለውን ፓኬጅ ትጭናላችሁ፣ ሰርቪሱ ይነሳል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ምክንያቱም ለስክሪኑ የሚያስፈልገው ክፍል ለብቻው ነው የተቀመጠው፣ ስሙ ኦፕን ቪኤም ቱልስ ዴስክቶፕ ነው፣ ያለ እሱ ሪሳይዝም የለም ኮፒ ፔስትም የለም። ስለዚህ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብላችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻው ዴስክቶፕ የሚለውን ጫኑ፣ ፌዶራ ላይ በዲኤንኤፍ ነው፣ ከዛ ሪስታርት፣ ሎግ አውት ብቻ አንዳንዴ አይበቃም። በኋላ ቪው፣ ኦቶሳይዝ፣ ኦቶፊት ጌስት የሚለው ምልክት እንዲኖረው አድርጉ። ስትሬች ጌስት የሚለውን ከመረጣችሁ ምስሉን ነው የሚለጥጠው፣ ፒክስል አይጨምርም፣ ፊደሉ የሚደበዝዘው ለዛ ነው።

ሃይፐር ቪ

ሃይፐር ቪ ከሌሎቹ ለየት ይላል፣ ሁለት አይነት አገባብ አለው፣ ቤዚክ ሴሽን እና ኢንሃንስድ ሴሽን። ቤዚክ ማለት የቪኤሙን ስክሪን በቀጥታ ማየት ነው። ኢንሃንስድ ደግሞ በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን ከርቀት መክፈቻ) መንገድ ነው የሚያገናኛችሁ፣ ለዛ ነው ስትገቡ የመጠን መንሸራተቻ የሚያመጣላችሁ። ዊንዶውስ ጌስት ካላችሁ ሌላ ነገር አትፈልጉ፣ ሃይፐር ቪ ማናጀር ውስጥ ሃይፐር ቪ ሴቲንግስ ገብታችሁ ኢንሃንስድ ሴሽን ሞድ ፖሊሲ ላይ አላው የሚለውን ንኩ፣ ከዛ የቪኤሙ መስኮት ላይ ቪው፣ ኢንሃንስድ ሴሽን። መስኮቱን ስትለጥጡት አልከተል ካለ ወጥታችሁ ድጋሚ መገናኘት ነው።

ጌስቱ ውስጥ ያለው የዊንዶውስ ሆም ኤዲሽን ከሆነ ግን ሪሞት ዴስክቶፕ ስለማይቀበል ኢንሃንስድ አይሰራም፣ ምንም ብታደርጉ፣ ስለዚህ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ። ሌላው ዊንዶውስ 11 ላይ ኢንሃንስድ ውስጥ ስትገቡ የሎጊን ገጹ ፓስወርድ ማስገቢያ ሳያመጣ ፈዞ የሚቆምበት ነገር አለ፣ እሱ ሲገጥማችሁ በቤዚክ ግቡና ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ውስጥ በዊንዶውስ ሄሎ ብቻ እንዲገባ የሚያስገድደውን ማብሪያ አጥፉት።

ሊኑክስ ጌስት ከሆነ መጠኑን ሲነሳ ጀምሮ ለከርነሉ መንገር ነው የሚቀናው። ኢቲሲ ስር ዲፎልት የሚባል ፎልደር ውስጥ ግራብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ስም ነው) የሚል ፋይል አለ፣ በሱዶ ክፈቱት፣ ግራብ ሲኤምዲላይን ሊኑክስ ዲፎልት የሚለው መስመር ላይ ጥቅሱ ውስጥ ካሉት ቃላት ቀጥሎ ስፔስ ትታችሁ ይሄን ጨምሩ፦ ቪዲዮ፣ የእኩል ምልክት፣ ሃይፐርቪ እና ኤፍቢ በታች ሰረዝ ተያይዘው፣ ኮለን፣ 1920 ኤክስ 1080፣ መሀሉ ላይ ክፍተት የለውም። ሴቭ፣ ሱዶ ኧፕዴት ሰረዝ ግራብ፣ ሪስታርት። አዳዲስ ከርነሎች ላይ ግን ድራይቨሩ ሃይፐርቪ ዲአርኤም የሚባለው ስለሆነ ያ ቃል አይሰማም፣ ኤልኤስሞድ ብላችሁ የትኛው እንዳለ እዩ፣ ዲአርኤም ካለ በሃይፐርቪ ኤፍቢ ፋንታ ቨርቹዋል ሰረዝ 1 ነው የሚጻፈው። ሆስቱም ራሱ ጣሪያ አለው፣ ቪኤሙን ዘግታችሁ ፓወርሼልን በአድሚን ከፍታችሁ ሴት ሰረዝ ቪኤምቪዲዮ በሚለው ትዕዛዝ ሆሪዞንታል ሪዞሉሽንና ቨርቲካል ሪዞሉሽን ስጡት።

ኬቪኤም እና ቨርት ማናጀር

ኬቪኤም ሊኑክስ ሆስት ላይ ቪኤም የሚያስኬደው ነው፣ ቨርት ማናጀር ደግሞ እሱን የምታዙበት ፕሮግራም። እዚህ ሶስት ነገር ነው የሚታየው። የቪኤሙ ሃርድዌር ዝርዝር ላይ ቪዲዮ የሚለው ለሊኑክስ ጌስት ቨርትአይኦ ወይም ኪውኤክስኤል መሆኑን፣ ዲስፕሌይ የሚለው ስፓይስ (የቪኤሙን ስክሪን ወደ መስኮታችሁ የሚያመጣው) መሆኑን፣ እና ቻናል የሚል የስፓይስ መስመር መኖሩን እዩ፣ ኤጀንቱ የሚያወራው በዛ ቻናል ነው። ከዛ ጌስቱ ውስጥ ስፓይስ ቪዲኤጀንት የሚባለውን ጫኑ፣ ዊንዶውስ ከሆነ ስፓይስ ጌስት ቱልስ። ሁሉም ሆኖ ካልሰራ ደግሞ ቪው፣ ስኬል ዲስፕሌይ፣ ኦቶ ሪሳይዝ ቪኤም ዊዝ ዊንዶው፣ ይሄ ምልክት ሳይደረግበት ስንቱ ሰው ድራይቨር ሲነቅልና ሲተክል ይውላል።

በእጅ መጠን መጨመር

ወደዚህ የምትመጡት ድራይቨሩ ልክ ሆኖ የምትፈልጉት መጠን ብቻ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ነው። ሊኑክስ ላይ ነው፣ ያውም ኤክስ11 ላይ። ቅድም ወረቀት ላይ የያዛችሁት ዌይላንድ የሚል ከሆነ ኤክስራንድአር (ኤክስ11 ላይ የስክሪን መጠን መቀየሪያው ትዕዛዝ) ምንም አይቀይርላችሁም፣ ትዕዛዙ ስህተት አይልም ይሆናል፣ ስክሪኑም ግን አይሰማም። እንደዛ ከሆነ የሎጊን ገጹ ላይ ፓስወርድ ከማስገባታችሁ በፊት ከታች የማርሽ ምልክት ካለ ነክታችሁ ኤክስ ኦርግ የሚለውን ምረጡ። አዳዲሶቹ ላይ ኤክስ ኦርግ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ቅድም ሃይፐር ቪ ላይ እንዳልኩት በግራብ በኩል ሂዱ።

ኤክስ11 ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ ኤክስራንድአር ብቻ ብላችሁ ኢንተር ንኩ። ኮኔክትድ የሚል መስመር ይወጣል፣ መጀመሪያው ላይ ያለው የስክሪኑ ስም ነው፣ ቨርቹዋል 1 ወይም ቨርቹዋል ሰረዝ 1 ወይም ቪጂኤ ሰረዝ 1 ሊሆን ይችላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ስም ይገለብጣል፣ የሱ ቪኤም ላይ ግን ሰረዟ አለች ወይ የለችም፣ እሷ ብቻ ናት ችግሩ። የራሳችሁን ስም ቅዱ።

ቀጥሎ ሲቪቲ 1920 1080 60 ብላችሁ ስጡት። ሁለት መስመር ይመልሳል፣ ሁለተኛው ሞድላይን በሚለው ቃል ይጀምርና በጥቅስ ውስጥ የመጠኑ ስም፣ ከዛ 173.00፣ ከዛ 1920 2048 2248 2576 1080 1083 1088 1120፣ መጨረሻ ላይ ሲቀነስ ኤችሲንክ እና ሲደመር ቪሲንክ ይላል። ሞድላይን የሚለውን ቃል ትታችሁ ከሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ኮፒ አድርጉ፣ ኤክስራንድአር፣ ሁለት ሰረዝ ኒውሞድ፣ ስፔስ፣ ለጥፉት። ከዛ ኤክስራንድአር ሁለት ሰረዝ አድሞድ፣ የስክሪኑ ስም፣ የመጠኑ ስም። ከዛ ኤክስራንድአር ሁለት ሰረዝ አውትፑት፣ የስክሪኑ ስም፣ ሁለት ሰረዝ ሞድ፣ የመጠኑ ስም። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይሰፋል። ካልሰፋና ባድማች የሚል ስህተት ካመጣ ድራይቨሩ ያንን መጠን አልቀበልም እያለ ነው፣ ወይ ቪዲዮ ሜሞሪው አንሷል፣ ወይ አሁንም ድፍኑ ድራይቨር ላይ ናችሁ፣ ወደላይ ተመለሱ።

ይሄ ግን ሪስታርት ስታደርጉ ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ሶስቱንም መስመር ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ዶት ኤክስፕሮፋይል የሚል ፋይል ፈጥራችሁ አስገቡ፣ ብዙዎቹ የሎጊን ማናጀሮች ስትገቡ ያነቡታል። ኤክስ ኦርግ ኮንፊግ ፋይል ግን በእጃችሁ አትጻፉ፣ እኔ ያየሁትን አይታችኋል።

ፊደሉ ካነሰ

ላፕቶፓችሁ 4ኬ ወይም ሬቲና ከሆነ ቪኤሙ ሁሉንም ፒክስል ወስዶ ጥርት ያለ ግን ጉንዳን የሚያህል ጽሁፍ ያመጣል። ሪዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ መፍትሄ ይመስላል፣ ይደበዝዛል እንጂ አይደለም። ጌስቱ ውስጥ የስኬል ሴቲንጉን ወደ 150 ወይም 200 ፐርሰንት ከፍ አድርጉት፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ አላቸው። ቨርቹዋልቦክስ ከሆነ በሌላ በኩል ስኬል ፋክተር የሚል ዲስፕሌይ ሴቲንግ ላይ አለ፣ 200 ስታደርጉት እያንዳንዱን የጌስት ፒክስል አራት ያደርገዋል፣ ደካማ ኮምፒውተር ላይ እሱ ይቀላል ምክንያቱም ጌስቱ የሚስለው ጥቂት ፒክስል ስለሆነ፣ የጽሁፉ ጥራት ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ጽሁፍ ለሚያነብ ሰው እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመክረው፣ አይን ያሳርፋል።

ሁለት መውጫዎች

ስክሪኑ ከማነሱ የተነሳ የሴቲንግ መስኮቱ ታች ያለው አፕላይ የሚለው ቁልፍ ከስክሪን ውጪ ከሆነባችሁ፣ ሊኑክስ ላይ ሱፐር ወይም ኦልት ተጭናችሁ የመስኮቱን የትኛውንም ቦታ በማውስ ይዛችሁ ወደላይ ጎትቱት፣ ርዕሱ ከስክሪኑ በላይ አልፎ ይወጣላችኋል፣ ቁልፉም ይታያል። ዊንዶውስ ላይ ኦልት እና ስፔስ ነክታችሁ ሙቭ የሚለውን መርጣችሁ በቀስቶቹ ትገፉታላችሁ።

የግራፊክስ ኮንትሮለሩን ወይም 3ዲ አክሰለሬሽኑን ቀይራችሁ ጌስቱ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ደግሞ ሲስተሙ የሞተ እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ እየሮጠ ነው፣ ስዕሉ ብቻ ነው ያልወጣው። ቪኤሙን ዝጉ፣ 3ዲ አክሰለሬሽን የሚለውን ምልክት አንሱ፣ ኮንትሮለሩን ወደነበረበት መልሱና ድጋሚ አስነሱት። ከተነሳ አንድ በአንድ ቀይሩ፣ በአንድ ሪስታርት አንድ ነገር ብቻ፣ የቱ እንዳጠፋው ያኔ ይታወቃችኋል። ካልተነሳ ቅድም የወሰዳችሁት ስናፕሾት አለ፣ ሪስቶር በሉት።